«ሁኔታ፦ ደህና» እያለኝ 10,000 ሊትር ውሃ ፈሰሰ

ጅማና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ በተለይ ችግኝ የምታፈሉና ጓሮ አትክልት የምታለሙ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ። ሰሞኑን «ቧንቧ ሲፈነዳ ራሱ አውቆ ውሃውን የሚዘጋ» እያሉ የውሃ ፍሰት ሴንሰር ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ። እኔ 38 ሺህ ብር ከፍዬ አስገጥሜ ጉድ ሆኛለሁ።

«ጅማ ላይ ደግሞ የምን መስኖ» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ዝናቡ እንደሚበዛ ማን ይክዳል። ግን ታህሳስና ጥር ላይ ችግኙን ያላጠጣ ሰው ክረምት ሲገባ የሚተክለው አይኖረውም። የኔ ችግኝ 74110 ነው፣ ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው የቡና ዝርያ። ውሃው ከጉድጓድ በፓምፕ ወደ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይወጣል፣ ከዚያ በ120 ሜትር ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ችግኙን በጠብታ ያጠጣል።

ልጆቹ ሁለት ሰዓት እንኳን ሳይሞላቸው ገጥመው ጨረሱ። ሴንሰሩንም ውሃውን የሚዘጋውን ቫልቭም ታች ችግኙ አጠገብ አደረጉት። ለምን እዚህ ስላቸው «እዚህ ጥላ አለ፣ መብራትም ቅርብ ነው» አሉኝ። አመንኩ። ሌላው መከራ ሁሉ ከዚህች የመጣ ነው።

አንድ ሌሊት ከሮቶው 15 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው ማያያዣ ተላቀቀ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ቀዩ አፈር ቦይ ሠርቷል፣ ሁለት መደብ ሙሉ ችግኝ ከነላስቲኩ ተገልብጦ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ሮቶዎቹን በጣቴ ሳንኳኳቸው እንደ ከበሮ ጮኹ። ስልኬን አየሁ። ሌሊት 8 ሰዓት የገባ መልእክት፦ «ፍሰት 0። ሁኔታ፦ ደህና።» በ10 ሰዓትም ያው። በ11ም ያው።

የሚያናድደው እኮ መሣሪያው አልዋሸም። ሴንሰሩ ውስጥ ትንሽ ተሽከርካሪ አለች፤ ውሃ ሲያልፍባት ትዞራለች፣ ዙሯ ይቆጠራል፣ በቃ። በሷ በኩል ያላለፈ ውሃ ለሷ የለም። የኔ ቧንቧ የተለቀቀው ከሴንሰሩ በላይ ነው፤ ታች ያለው ቫልቭ ደግሞ ሌሊት ስለማላጠጣ ድሮም ዝግ ነበር። ስለዚህ ሮቶው ሜዳ ላይ እየተደፋ እሷ ጋ ጠብታ አልደረሰም፣ እሷም ሰላም ነው አለች። ብታውቅስ ምን ትዘጋ ነበር? ቫልቩም ከሥር ነው ያለው!

በንዴት ሳጥኑን ፈታሁት። ውስጡ ያለው ባለ ግማሽ ኢንች ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ገመድ ያለው፣ ተማሪዎች ለፕሮጀክት የሚገዙት ዓይነት። በደቂቃ ከ1 እስከ 30 ሊትር ይለካል የሚባለው ነው፣ በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ግን የኔን ባለ አንድ ተኩል ኢንች ቧንቧ ለሱ ብለው ወደ ግማሽ ኢንች አጥብበውታል። ለካ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ውሃ ያጠራቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው! እኔ ጠብታው ተደፍኖ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ቀዳዳውን በመርፌ ስጎረጉር ከረምኩ።

ለገጣሚዎቹ ደወልኩ። አንዱ «ወንድሜ ሴንሰሩ ይሠራል፣ ችግሩ ቧንቧህ ነው» አለኝ። ቧንቧዬ ችግር እንዳለበትማ አውቄ አይደል ሴንሰር የገዛሁት? ደረሰኙን ሳየው «ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ» ብቻ ይላል፣ ውሃ ይዘጋል የሚል አንድ ቃል የለበትም። አሁን ስልክም አያነሱም።

ነገሩ ራሱ ውሸት እንዳይመስላችሁ። በትክክል ከተገጠመ ይሠራል። ዋናው ቫልቭ ሮቶው ሥር መሆን አለበት፣ ሴንሰሩም ከሱ ቀጥሎ። ቫልቩ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋው ዓይነት ይሁን፤ ሲጠፋ ክፍት የሚቀረው እኛ ሰፈር ምን ይሠራል? ከሴንሰሩ በፊት ማጣሪያ ይግባ፣ አሸዋ ተሽከርካሪዋን ያስራታል። ውሃው በሚገባባት በኩል የቧንቧውን ስፋት 10 እጥፍ፣ በሚወጣባት በኩል 5 እጥፍ የሚያህል ቀጥ ያለ ቧንቧ ያስፈልጋታል፤ የቧንቧ መታጠፊያ (ክርን) አጠገብ ከሆነች ውሃው እየተሽከረከረ ስለሚመጣ ቆጠራዋ ይዛባል። የሚዘጋበትንም ልክ በግምት አታስሞሉ። የኔ ጠብታ 600 ቀዳዳ ነው፣ እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር፣ ሲደመር በደቂቃ 20 ሊትር። እንግዲህ ወደ 30 ሲጠጋ ይዝጋ ማለት ነው። ገና ውሃ ሲለቀቅ ባዶው ቧንቧ እስኪሞላ ፍሰቱ ስለሚያሻቅብ የተወሰነ ደቂቃ መታገሻ ይሰጠዋል። የኔዎቹ ይህን ስጠይቃቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ጎረቤቴ ሐጂ መጥተው ቦዩን አዩና «የሮቶውን ቧንቧ ማታ ማታ መዝጋት አቅቶህ ነው ይህን ሁሉ የከፈልከው?» አሉኝ። ምን እላለሁ። አሁን ከመተኛቴ በፊት ባትሪ ይዤ ወጥቼ በእጄ እዘጋለሁ።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ገጣሚዎቹ ሲመጡ ቀሪውን ብር ኪሳችሁ አቆዩት። ውሃው ተለቆ ችግኙ እየጠጣ እያለ ሮቶው አጠገብ ያለውን ማያያዣ በገዛ እጃችሁ ፍቱና ሰዓት ያዙ። ካልዘጋ ዕቃቸውን ጭነው ይሂዱ። «እሱ ጋ አይፈታም፣ ታች ነው የሚሞከረው» ካሏችሁ እነዚያው የኔዎቹ ናቸው።