ለመኪና መወዳደሪያ ትራክ የቱ ይሻላል፦ ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ወይስ ሳዮን ኤፍአር-ኤስ?

ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም የሚደውሉልኝ ጓደኞቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «14 ሺህ ዶላር አለኝ፤ ሳሚት ፖይንት ትራክ (ዌስት ቨርጂኒያ) ይዤው የምሄደው መኪና የቱ ይሁን?» መልሴን ላስቀድም፦ ኤፍአር-ኤስ ግዙ፣ ያው ቶዮታ 86 ማለት ነው። ሁለቱንም ነድቻለሁ። ኪሴን ያራቆተው ጂቲአዩ ነው።

ጂቲአይ ጉልበት አያንሰውም። ችግሩ ሥራው ሁሉ የፊት ጎማ ላይ መውደቁ ነው። የሚዞሩትም፣ የሚጎትቱትም፣ አብዛኛውን ፍሬን የሚችሉትም እነሱ ናቸው፤ ሞተሩም የተጫነው እነሱ ላይ ነው። ሳሚት ፖይንት 10ኛው ኩርባ ላይ፣ ወደ ረጅሙ ቀጥታ ለመውጣት ቸኩላችሁ ነዳጅ ከረገጣችሁ መሪው ወደ ቀኝ ዞሮ አፍንጫው በግራ በኩል ወደ ሣሩ ይሄዳል። መሪውን ጨምሮ ማዞር ጎማ መፍጨት ብቻ ነው። ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ስትለቁ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣና ጎማው ይይዛል፣ ግን ቀጥታው ላይ የምትፈልጉት ፍጥነት አብሮ ሄደ።

ተራው ጂቲአይ ዲፈረንሻሉ፣ ማለት ጉልበቱን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል፣ አይቆለፍም፤ ኩርባ ውስጥ የሚረዳችሁ የውስጠኛውን ጎማ ፍሬን በመያዝ ነው። ስለዚህ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ያልቃል። እኔ በሁለት የትራክ ቀን ጨረስኩት። ከዚያ 210 ዶላር የሚሸጠውን ሸራ ኢንተርኔት ላይ በ70 አገኘሁና ገዛሁ። ካርቶኑ ከኦሪጅናሉ አይለይም። በሦስተኛው ዙር 1ኛው ኩርባ ጋ ስደርስ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ፣ መኪናው ግን አልቆም አለ። ሣር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ጎማው ሲወርድ ሸራው ተፈርፍሮ ከብረቱ ተላቋል። ከነዲስኩ 600 ዶላር ወጣ! እባካችሁ በፍሬን አትቆጥቡ።

ኤፍአር-ኤስ 200 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው። ግን የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ ጉልበቱን መሬት ለያዘው ጎማ የሚያደላ ቶርሰን ዲፈረንሻል ከፋብሪካው አለው፣ ከጂቲአዩም በ120 ኪሎ ገደማ ስለሚቀል ጎማም ሸራም ይበረክትለታል። እሱም በፍጥነት ከገባችሁበት አፍንጫው ይሸሻል፤ ማስተካከያው ግን ርካሽ ነው። የፊት ጎማውን አናት ወደ ውስጥ የሚያጋድል ብሎን በ30 ዶላር ገዛሁ፣ ለአላይመንት 120 ከፈልኩ፣ ወደ 1.5 ዲግሪ ኔጋቲቭ አስያዝኩት። ያን ቀን መኪናው ሌላ መኪና ሆነ።

የ2013 ሞዴል ስታዩ ወረቀት ጠይቁ። ለቫልቭ ሞላ ሪኮል (ፋብሪካው ለጥገና መልሶ ሲጠራ) ተብሎ ሞተራቸው ወርዶ የተከፈተ አሉ፤ ሲገጠም ማሸጊያ ሲሊኮን በዝቶበት ዘይት መምጫው ተደፍኖ ሞተር የነከሰባቸውም አሉ። እኔ ብሆን 2014ን ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን እመርጣለሁ፣ አንድ ሺህ ዶላር ብጨምርም።

ልጆች ኖሯችሁ ሁለተኛ መኪና መያዝ ካልቻላችሁ ጂቲአይ ግዙ፣ ግን ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያለውን ብቻ። እሱ ፊት ላይ የሚቆለፍ ዲፈረንሻልና ትልልቅ ዲስክ አለው። ሻጩ «ምንም ልዩነት የለውም» ካላችሁ ቀብድ ሳትሰጡ በቪኑ፣ በመኪናው መለያ ቁጥር፣ አስፈትሹ።