ስኳር ድንች፦ መሬት ላይ ወይስ ጆንያ ውስጥ?

በምርት መሬት ይበልጣል። ሥሩ እንደልቡ ይሰፋል፤ አንድ ቀን ውኃ ቢረሳም ቶሎ አይጠወልግም። ወጪውም የሚተከለው ሐረግና ጉልበት ብቻ ነው። ለጆንያ ግን አፈርና ኮምፖስት ማዘጋጀት አለ።

ውኃ፦ በሙቀት ወቅት የጆንያውን አፈር በየቀኑ በጣት መፈተሽ ያስፈልጋል። ታችው ካልተበሳ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል።

አፈር፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። መሬቱ ጥቅጥቅ ያለ ሸክላ ከሆነ ድንቹ ቀጭንና ጠማማ ይሆናል። አፈሩን 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መቆለል ይረዳል። በጆንያ ግን አፈሩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ፍግ አታብዙ! ቅጠሉ ያምርና ሥሩ ሲታይ ባዶ ይሆናል። ይሄ ለሁለቱም ይሠራል።

ተባይ፦ አፈር ሲሰነጠቅ ነቀዝ በስንጥቁ ገብቶ ድንቹን ይበሳል። መሬት ላይ ከሆነ ደጋግሞ አፈር ማልበስ ነው።

ቁፋሮ፦ ጆንያውን መገልበጥ፣ በቃ። ዶማ ግን ካልተጠነቀቁ ትልልቁን ድንች ለሁለት ይከፍለዋል፤ የተቆረጠው ደግሞ አይቀመጥም።

ሰፊ ቦታና ልል አፈር ላለው መሬቱ ይሻለዋል። በረንዳ ብቻ ላለው ወይም ቤት ሊቀይር ለሚችል ተከራይ ጆንያ ይሻላል። ቅጠሉም ተቀቅሎ ስለሚበላ፣ ለዚያ ብቻ ከሆነ አንዲት ጆንያ አታንስም።