የዣን ቪጎ ሙሉ ሥራዎች በብሉሬይ፦ ባሕር ዳር ሆኖ ለሚሰበስብ

ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ዣን ቪጎ በ29 ዓመቱ ሲሞት የተወው አራት ፊልም ነው፤ አራቱም ተደምረው ሦስት ሰዓት አይሞሉም። ክላሲክ ፊልሞችን የሚያሳትመው የአሜሪካው ድርጅት ክራይቴሪየን እ.ኤ.አ. በ2011 ታድሰው የወጡትን አራቱንም በአንድ ብሉሬይ (ከዲቪዲ የበለጠ ጥራት ባለው ዲስክ) አቅርቧቸዋል። የፈረንሳይን አቫንጋርድ (አዲስ አሠራር የሚሞክር) ሲኒማ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ጣጣው ሪጅኑ ላይ ነው፤ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነው ኮድ ላይ። ዲስኩ ሪጅን ኤ ሲሆን ኢትዮጵያ በብሉሬይ ሪጅን ቢ፣ በዲቪዲ ደግሞ ሪጅን 5 ውስጥ ናት። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ ከሌለ ዲስኩ አይከፈትም። ዘመድ ከፓሪስ የሚያመጣው ዲቪዲም ብዙውን ጊዜ ሪጅን 2 ስለሆነ ያው ነው፤ የአውሮፓ ብሉሬይ ግን ቢ ስለሆነ ይሠራል። የፈረንሳይ እትም ከሆነ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ መኖሩን ከማሸጊያው ጀርባ ሳያዩ አይክፈሉ። በላፕቶፕ ለማየት ያሰበ ደግሞ ይጠንቀቅ፦ ድራይቩ የዲቪዲ ሪጅን እንዲቀየር የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

ምስሉ ግን ድካሙን ይክሳል። «ዜሮ ደ ኮንዲዊት» (1933) ውስጥ ተማሪዎቹ ትራስ ቀደው በዝግታ ሲሰለፉ፣ በደበዘዘ ቅጂ ነጭ ጭጋግ የሚመስለው ነገር እዚህ ላባ በላባ ይለያል። ሙዚቃው እንግዳ ቢሆንብዎ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሙዚቃው ደራሲ ሞሪስ ዦበር ዜማውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጽፎ ካስቀረጸ በኋላ ቅጂውን ገልብጦ ነው ያጫወተው። «ላታላንት» (1934) ላይ የሚሰማው ቀጭን «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከዘመኑ የድምፅ ቀረጻ የመጣ ነው። አለመጠረጉ ትክክል ነው፤ ድምፁን አብዝቶ ማጽዳት የተዋንያኑን ትንፋሽም ይወስዳል።

ቴሌቪዥኑ ላይ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ቅንብር ያጥፉ። በግራና በቀኝ ያለው ጥቁር ከዲስኩ የመጣ ነው፤ «ዙም» ካደረጉት የሰው ጭንቅላት ይቆረጣል።

ክረምት ላይ በጣና ዳር እርጥበት መጀመሪያ የሚሻግተው ዲስኩ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ቡክሌት (ትንሽ መጽሐፍ) ነው። ከውጭ ግድግዳ አርቀው፣ አቁመው፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረው ያስቀምጡ። ዲስኩን ሲያጸዱ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። ዙሪያውን ከጠረጉት ጭረቱ የመረጃውን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ማጫወቻው ሊያርመው ይቸገራል።