ለምስጥ የቱ ይሻላል፦ የተቃጠለ ዘይት ወይስ በግፊት የታከመ እንጨት?

የባህር ዛፍ ቋሚ ሲተከል ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ርካሽ ነው፣ ጋራዥ ይገኛል። ሌላው አማራጭ ሲሲኤ የሚባለው የመዳብ፣ የክሮሚየምና የአርሴኒክ ውህድ በግፊት የገባበት እንጨት ነው።

ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው። በብሩሽ የተቀባ ዘይት ላይ ላዩን ብቻ ይይዛል። እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ምስጡም በዚያች ስንጥቅ ገብቶ ውስጡን ይጨርሰዋል፣ ከላይ ስታዩት ግን ደህና ይመስላል። ሲሲኤ ግን ዘልቆ ይገባል። መዳቡ የሚያበሰብሰውን ፈንገስ፣ አርሴኒኩ ምስጡን ሲከላከሉ ክሮሚየሙ ሁለቱን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃቸዋል፣ ስለዚህ ዝናብ በቀላሉ አያጥባቸውም።

ካላመናችሁ ሞክሩት። ዘይት የተቀባ፣ ሲሲኤ የገባበትና ምንም ያልነካው ቁራጭ ምስጥ ባለበት መሬት ግማሽ ድረስ ቅበሩ። ምንም ያልነካውን እንዳትተዉት! እሱ ካልተበላ ምስጡ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው፣ የሌሎቹ መትረፍም ምንም አያሳይም። በየ6 ወሩ እየነቀላችሁ በቢላ ወጋ ወጋ አድርጉ፣ በተለይ ከአፈሩ ወለል ጋር የሚገናኘውን ቦታ።

ለቤት ቋሚ እኔ የምመርጠው ሲሲኤውን ነው። ዘይቱ ቶሎ ለሚቀየር አጥር ይሆን ይሆናል፣ አፈሩን መበከሉ ግን ያሳስበኛል። ሲሲኤም ከአደጋ ነጻ አይደለም፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ወዲህ ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ሥራ አይመረትም። ቁርጥራጩን በፍጹም ማገዶ አታድርጉት፣ ጭሱም አመዱም አርሴኒክ አለበት።