መስማት ላቆመች ድምፃዊ መድረክ ላዘጋጀልን የሳውንድ ባለሙያ ምስጋና

መስማት ያቆመ ድምፃዊ ከባንድ ጋር እንዲሠራ የምትፈልጉ የባንድ መሪዎችና የአዳራሽ ባለቤቶች፣ ይህን ሰው ያዙት። ስሙን በአደባባይ እንዳንጽፍ ስለጠየቀን ስልኩን በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅህ ይባረክ።

ብዙ ባለሙያ ድምፃዊቷ አትሰማም ሲባል የመጀመሪያ ሥራው የመድረክ ሞኒተሩን (ድምፃዊው ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር) ማስጮህ ነው። ጆሮዋ ምንም የማይቀበል ከሆነ ግን ያ ጩኸት ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባና ያፏጫል፣ የሌሎቹንም ሙዚቀኞች ጆሮ ይጎዳል። እሱ ሞኒተሩን ጭራሽ አነሳው። ምቱን ወደ እግሯ፣ ቃናውን ወደ ዓይኗ አዛወረላት።

አሜሪካዊቷ ማንዲ ሃርቪ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ስትማር ነው መስማት ያቆመችው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የተሰጥኦ ውድድር ላይ ባዶ እግሯን ቆማ ዘፍና አራተኛ ስትወጣ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ምቱን ከወለሉ ንዝረት ትይዛለች፤ ቃናዋን መልሳ የገነባችው ኖታውን በሚያሳይ ቲዩነር እየታገዘች ነው። የእኛ አዳራሾች ችግር ወለሉ ነው። ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ጫማ ቢወልቅም እግር ምንም አያገኝም።

ስለዚህ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ አስቆረጠ። ከሥሩ ቤዝ ሼከር የሚባለውን፣ ንዝረት ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ በብሎን አሰረበት። በአራቱም ማዕዘን ወፍራም ጎማ አደረገ፤ ጎማው ከሌለ ንዝረቱ ወደ ሲሚንቶው ሰርጎ ይቀራል። ብሎኑ ከላላ ደግሞ ጣውላው ይንጫጫል፤ ተመልካቹ ይሰማዋል፣ ድምፃዊቷ አታውቅም። በየዝግጅቱ መሐል መፍቻ ይዞ የሚያየው ለዚህ ነው። ወደ ሼከሩ የሚልከው ቤዝ ጊታርና ከበሮ ብቻ ነው፤ ከ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። ኪቦርድና ሳክስፎን ከተጨመረበት ሁሉም እግር ሥር አንድ ድፍን ጉርምርምታ ይሆናል። በተለይ በጭክጭካ፣ ጠንካራው ምት ከደካማው ካልተለየ መግቢያው አይገኝም።

ከዚያ ያደረገውን ማንም ባለሙያ ሲያደርግ አላየንም። ጣውላው ላይ እፍኝ ጤፍ በተነና ቤዙን አስጀመረ። ፍሬው አንዳንዱ ቦታ ላይ ዘለለ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሄዶ ተከማቸ። የተከማቸበት ንዝረቱ የሞተበት ነው። ያንን በጠመኔ አክብቦ መቆሚያዋን ከዚያ አራቀው። ቀጥሎ ጫማውን አውልቆ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ ራሱ ቆሞ ምቱን ቆጠረ። እሱ ሳይቆጥር እሷን አላወጣትም።

ለቃናው፣ ስልክ ላይ የሚጫን ቲዩነር ለቤት ልምምድ ይበቃል። መድረክ ላይ የስልኩ ማይክ ከበሮውንም ቤዙንም ስለሚቀበል መርፌው ይቀባዥራል። እሱ የጊታር ፔዳል ቲዩነር ወስዶ ከሚክሰሩ የእሷን ድምፅ ብቻ በአንድ ኦክስ (ለብቻው በሚወጣ መስመር) ላከለት። ቀጥታ ማይኩን ፔዳሉ ላይ የሚሰኩ አሉ፤ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ አያነበውም። ኦክሱ ፕሪ ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻው፣ ማለትም ፌደሩ፣ ቢወርድም የማይቋረጥ) መሆን አለበት፣ ሪቨርብም (የማስተጋቢያ ኢፌክት) አይገባበትም፤ የሪቨርቡ ጅራት ከአዲሱ ኖታ ጋር እየተደባለቀ ቲዩነሩን ያወላውለዋል። ፕሪ ፌደር የሆነበት ምክንያት መግቢያው ነው፦ ከዘፈኑ በፊት ፌደሯ ወርዶ ሳለ ለ2 ሰከንድ ያህል ታንጎራጉራለች፣ ኖታዋን ታያለች፣ ታስተካክላለች፣ አዳራሹ አይሰማም። በብዙ ሚክሰር ላይ ሚዩት (ድምፅ መዝጊያው) ከተነካ ኦክሱም አብሮ ስለሚዘጋ ፌደሩን ብቻ ነው የሚያወርደው።

ቅኝቱንም ያውቃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሲ ላይ በተቃኘ ትዝታ ሜጀር የሚፈለጉት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ናቸው። ኤፍ ወይም ቢ ከበራ ከቅኝቱ ወጥታለች ማለት ነው፤ አምስቱን ፊደል በትልቁ ጽፎ ከቲዩነሩ ጎን ለጠፈላት። አንቺሆዬ ላይ ግን ኖታው ልክ ነው የሚለው የቲዩነሩ አረንጓዴ መብራት ያሳስታል። በመሲንቆ ሲታጀብ ከፒያኖው ልኬት ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። መሲንቆ ተጫዋቹን አስቀድሞ በቲዩነሩ ለክቶ፣ የትኛው ኖታ በስንት ሴንት (የግማሽ ቶን መቶኛ) ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ወረቀቱ ላይ አሰፈረው። መሲንቆና ክራር ከዚያ በኋላ በድምፃዊቷ መቃኘት አይችሉም፣ ሁሉም ኤን 440 ኸርዝ አድርጎ ይነሳል። የድምፅዋን እርግብግቢት ቲዩነር አይደርስበትም፤ የምትመለከተው ማረፊያውን ኖታ ብቻ ነው።

ድምፁን የማይሰማ ሰው ሳያውቀው ይገፋል፣ ጉሮሮውም ይደክማል። ለዚህ የመጠን መብራት አደረገላት፤ ቢጫው ሲበራ ትቀንሳለች። ሰ እና ሸ ከጊዜ በኋላ መደብዘዛቸው ግን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጉዳይ ነው። እሱም ይህን በግልጽ ተናግሮ ወደ ሐኪም ይመራል። ጆሮው በድንገት የጠፋበት ሙዚቀኛ ሲደውልለትም ስለ መድረክ አያወራም፤ ዛሬውኑ ጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ ይለዋል፣ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር የተሻለ ተስፋ አለውና።

ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) ያለውን ድምፃዊ ለየት አድርጎ ነው የሚይዘው። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮዶች ከ12 እስከ 22 አካባቢ ስለሆኑ ምቱ ጥሩ ይገባል፣ ቃናው ግን ይደበላለቃል። ወደ መሣሪያው ምትና ቤዝ ብቻ ይልክና ቃናውን ለቲዩነሩ ይተወዋል።

ስትደውሉለት የወለሉን ዓይነት፣ የሚክሰሩን የኦክስ ብዛት (ሁለት ነጻ ኦክስ የግድ ነው) እና የዘፈኖቹን ቅኝት አዘጋጁ። ሰዎች ከመግባታቸው በፊት የ3 ሰዓት ጊዜ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ከሆነ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት አይቀበልም፤ የቲዩነሩ መብራት በፀሐይ አይታይም።