ለቤት ኮምፒውተር ዲፌንደር ይበቃል ወይስ አንቲቫይረስ ይገዛ?

ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ «አንቲቫይረስ ልጫንበት?» ማለቱ አይቀርም። እሺ ከማለታችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን እዩ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዛሬ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይባላል። ከኔትወርክ የሚመጣውን ግንኙነት የሚያጣራው ፋየርዎሉም በርቶ ነው የሚመጣው። ለሁለቱም ተጨማሪ አትከፍሉም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ ሁለት ኮምፒውተር ላለው ቤት ዲፌንደር ይበቃል። አንድ ነገር ግን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ራንሰምዌር የሚከላከለው «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» የሚለው ስር ታገኙታላችሁ። ከበራ በኋላ የማያምነው ፕሮግራም ዶክመንትና ፎቶ ያለበትን ፎልደር እንዳይነካ ይከለክላል። አልፎ አልፎ ደህናውንም ፕሮግራም ያግዳል፤ ያኔ ለይቶ መፍቀድ ነው።

የሚከፈልባቸው እነ ቢትዲፌንደር፣ ኢሴትና ኖርተን ጥቅማቸው የሚታየው ብዙ መሣሪያ ባለበት ቤት ነው። በአንድ ላይሰንስ ሦስትም አምስትም ኮምፒውተርና ስልክ ይሸፈናል። ወደድ ያሉት ፓኬጆች የልጆች መቆጣጠሪያም አላቸው። ዋጋ ስታወዳድሩ በመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ አትሸወዱ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ብዙ ጊዜ በጣም ይጨምራል፤ «ኦቶ ሪኒዋል»ን ካላጠፋችሁ ደግሞ ሳይጠይቅ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። አሜሪካ ለምትኖሩ ካስፐርስኪ አይሆንም፤ መንግሥት ስለከለከለው ከሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ወዲህ እዚያ አፕዴት አያገኝም።

ሌሎቹ ነጻዎችስ? ማልዌርባይትስ በነጻው ስታዙት ይፈትሻል እንጂ ሁልጊዜ አይጠብቅም። አቫስት ደግሞ የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አጠቃቀም መረጃ ሸጧል ተብሎ በ2024 አሜሪካ ውስጥ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ዲፌንደር እያለ ወደዚያ የሚያስኬድ ምክንያት አይታየኝም።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ላይሰንሱ ተሰብሮ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተደረገ አንቲቫይረስ ግን ጭራሽ ካለመኖሩም ይብሳል። ብዙ ጊዜ የክራኩ መመሪያ መጀመሪያ የሚያዛችሁ ዲፌንደርን እንድታጠፉ ነው። ከዚያ በኋላ ምን አብሮ እንደገባ በምን ታውቃላችሁ?

የትኛውንም ብትመርጡ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ነገር ስማርት ቲቪውንና ካሜራውን አይጠብቅም። የእነሱ ፋየርዎል ራውተሩ ነው። በብሮውዘር 192.168.1.1 ብላችሁ ወይም ራውተሩ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ጽፋችሁ ግቡ። ፓስወርዱን ቀይሩ፤ የዋይፋዩን ብቻ ሳይሆን ወደዚህ ገጽ የሚያስገባውን። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር ካሜራና ራውተሮችን በገፍ የያዘው ከፋብሪካ የመጡ ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው። ራውተሩን ከቤት ውጭ በኢንተርኔት ለማስተካከል የሚያስችለውን «ሪሞት ማኔጅመንት» በርቶ ካገኛችሁት አጥፉት። ለብቻው የሚሸጠውን የፋየርዎል ሳጥን ግን ቤታችሁ ውስጥ ሰርቨር ካላስቀመጣችሁ በቀር አትግዙ።