ቸርኬውን እስከ ዓርብ ድረስ ያልለቀቁት ሽማግሌ

ዘንድሮ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ነበርኩ። ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ለመጻፍ ነበር ሐሳቤ። ሲም ካርድ ለማውጣት ብዙ አልቆየሁም። የታክሲ ሾፌሮቹ ጨዋ ናቸው። ጥርሴንም ታክሜያለሁ፣ ደህና ነው። ከዚህ ሁሉ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ ሥራ ነው፦ የወንድሜን የውድድር ሳይክል ጎማ ያጣበቁልኝ ሽማግሌ ሥራ።

ታላቅ ወንድሜ በወጣትነቱ ለክለብ ይወዳደር ነበር። ሳይክሉ እናታችን ቤት፣ ሰርቪሱ ውስጥ፣ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ከሃያ ዓመት በላይ ቆሟል። አሁን ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላው። ስልኩ ላይ የጽጋቡ ግርማይን ፎቶ ለጥፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ። "አጎቴ፣ የአባቴን ሳይክል አስነሳልኝ" አለኝ። ቴላዮው፣ የሳይክሉ አጽም፣ ጤነኛ ነው። ካቴናውን ቀየርን። የቀረው ጎማው ነበር። ጎማው ደግሞ ቱቡላር ነው።

ሰፈር ውስጥ የምናውቀው ጎማ ከመነዳሪው፣ ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ ለብቻው ነው፤ የጎማው ጠርዝ የቸርኬውን ከንፈር ነክሶ ይይዛል። ቱቡላር እንደዚያ አይደለም። ከመነዳሪው ጎማው ውስጥ ገብቶ፣ ጎማው በሆዱ በኩል በክር ተሰፍቷል። ቸርኬውም የሚነከስ ከንፈር የለውም፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ልሙጥ ነው። ጎማውን እዚያ ላይ የሚያቆየው ማስቲሽ ነው። ማስቲሹ ደካማ ከሆነ ጎማው ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ስፔናዊው ጆሴባ ቤሎኪ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሙቀት ያቀለጠው አስፋልት ላይ ተንሸራተተና የኋላ ጎማው ከቸርኬው ወጣ። ጭኑን፣ ክርኑንና የእጁን አንጓ ሰበረ።

የእኛ ልጅ ልምምዱ እንጦጦ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ፍሬን እየያዘ ወደ ከተማ ይወርዳል። ፍሬኑ ቸርኬውን ሲጨብጠው ቸርኬው ይግላል፤ ሲግል ማስቲሹ ይለሰልሳል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

መጀመሪያ አንድ ጎሚስታ ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ተራ ጎማ ሲሠሩ አይቻለሁ፣ ጎበዞች ናቸው። ጠዋት ሰጥቼ ከሰዓት ተቀበልኩ። ጎማው ጥቁር፣ ያብረቀርቃል። ቤት ወስጄ ንፋሱን አስወጣሁና በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላጠ! ከሥሩ የድሮው ማስቲሽ ቢጫ ሆኖ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እንደ ቅርፊት ተቀምጧል። የጫማ ማስቲሽ ነው ከላዩ የቀቡበት። ቸርኬው ጠርዝ ላይ ደግሞ የካቻቢቴ ጭረት አለ። ያ ልጅ በዚያ ጎማ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ሰኞ፣ የወንድሜ የድሮ ጓደኛ ከጃንሜዳ ብዙ ወደማይርቅ ግቢ ወሰደኝ። ሽማግሌው በጊዜያቸው ተወዳዳሪ ነበሩ፤ በኋላ ለክለቦች መካኒክ ሆኑ። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የገረመው ደንቦባ ፎቶ አለ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልበርን ላይ ነው፤ እሱ ያኔ በብስክሌት ከተወዳደሩት አንዱ ነው።

"ጋሼ፣ ለነገ ያደርሱልኛል?" አልኳቸው። "እሑድ እበራለሁ።"

ቸርኬውን አዙረው አዙረው አዩት።

"ዓርብ ማታ ና።"

"ለሁለት ጎማ?"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ልጄ። ከእንጦጦ ነው የሚወርደው አላልከኝም?"

ሌላ አልተናገርኩም።

የሰኞው ሥራ መላጥ ነው። ንፋሱን አስወጥተው፣ ከቫልቩ ትይዩ ጀምረው በሁለት አውራ ጣት ገፉት። ካቻቢቴ አይነኩም። ከዚያ የደረቀውን ማስቲሽ ቸርኬውን በማይጭር ጠፍጣፋ እንጨት ፋቁ። ጓንት አጠለቁ፣ ጨርቅ አሴቶን ነክረው የተረፈውን አለሰለሱ፣ ጠረጉ፣ ደግመው ነከሩ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ደጅ፣ ንፋስ ባለበት ነው። ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ ከሰል ሲያያይዙ "እሱን ወዲያ ማዶ አድርጊልኝ" አሏቸው። የአሴቶን ሽታ ባለበት እሳት አይቀርብም።

ሁልጊዜ እንዲህ እስከ ብረቱ አይፋቅም አሉኝ። የድሮው ማስቲሽ ስስ፣ ጤነኛና አንድ ዓይነት ከሆነ እሱው ላይ መቀባት ይቻላል። የእኛው ግን የጫማ ማስቲሽ የተደረበበት ነው፤ ማመን አይቻልም። ቸርኬያችን አልሙኒየም መሆኑም ረድቷል። ካርቦን ቢሆን ኖሮ በሙቀትም ሆነ በኬሚካል እንዲህ አይደፈርም።

ማታ ላይ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ያመጣኋቸውን አዲሶቹን ጎማዎች ያለ ማስቲሽ ቸርኬው ላይ አስገብተው ነፉዋቸው። አዲስ ቱቡላር ጠባብ ነው፤ አድሮ ካልተለጠጠ ማስቲሽ በተቀባ ቀን ትግል ይሆናል።

ማክሰኞ አንድ ስስ ንብርብር ቸርኬው ላይ፣ አንድ ስስ ንብርብር ጎማው ሆድ ላይ ባለው ጨርቅ ላይ ቀቡ። በጥርስ ብሩሽ ነው የሚቀቡት። መሐሉን ቶሎ ያልፉታል፣ ጠርዙ ላይ ይቆያሉ። "የሚይዘው ጠርዙ ነው" አሉኝ፤ ኩርባ ላይ ጎማው መነሣት የሚጀምረው ከዚያ ነው። አደረ። ረቡዕ ሁለተኛው ንብርብር። እሱም አደረ።

ሐሙስ ልጁ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣ። የፊቱን እሳቸው ሠሩ፣ የኋላውን እሱን አሠሩት። ቸርኬው ላይ የመጨረሻውን ስስ ቅብ ቀብተው፣ ጣት ሲነካው የሚጣበቅ እስኪሆን ጠበቁ። ቸርኬውን ወለሉ ላይ አቆሙ፤ ቫልቩ ከላይ ነው። መጀመሪያ ቫልቩ ይገባል። ከዚያ በሁለት እጅ፣ ግራና ቀኝ፣ ጎማውን ወደ ታች እየጎተቱ ማስገባት ነው። በደንብ ካልተጎተተ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ስንዝር አልገባም ይላል። የልጁ እጅ ተንቀጠቀጠ። "ጎትት! በሰውነትህ ጎትት!" አሉት። ገባ።

ጥቂት ንፋስ ሰጥተው ቸርኬውን አሽከረከሩት። ጎማው እንደ እባብ ከተጥመዘመዘ፣ ማስቲሹ ሳይይዝ በእጅ እያነሡ ያቀኑታል። ሁለት ቦታ አቀኑ። ፍሬኑ የሚነካውን ጠርዝ ጠረጉ። ከዚያ እስከ 8 ባር ነፍተው ሰቀሉት።

ዓርብ ማታ ስደርስ ንፋሱን አስወጥተው ጠበቁኝ። "ና፣ ግፋው" አሉኝ። ባለኝ ጉልበት ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም።

ለሁለቱም ቸርኬ 2,400 ብር ጠየቁኝ። ሜሪላንድ ለአንዱ ብቻ ከ60 ዶላር በላይ ከፍያለሁ፤ እዚያ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ እንድማር ማንም አልጋበዘኝም። ጨመር አድርጌ ስሰጣቸው ትርፉን መለሱልኝና ለልጁ መለዋወጫ ጎማ እንድልክ አዘዙኝ።

ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ ወይ? አለ። በማስታወቂያ አይገኙም፣ ሰው ነው የሚወስድህ። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ቱቡላር ጎማ ስለማይሸጡ ይዘህ ነው የምትሄደው። ጎማ በሻንጣ ይመጣል። ማስቲሹ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ እንዳትሞክሩት። እሳቸው ጋ ማስቲክ ዋን የሚባል ጥቂት የጣሊያን የቱቡላር ማስቲሽ ነበራቸው፣ ከዚያ ላይ ነው ለእኛ የቀቡት። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች አሁን በአብዛኛው ቱቡላርን ትተው ማስቲሽም ከመነዳሪም ወደማይፈልገው ጎማ ሄደዋል። እኛ አገር ግን እንደ ወንድሜ ያሉ ስንት ሳይክሎች በየሰርቪሱ ቆመዋል! የሚያስነሳቸው እጅ ሳያልቅ ወጣቶች ቢማሩት ደስ ይለኛል።

ሽማግሌው ለልጁ ሁለት ነገር ነገሩት። በየወሩ ንፋሱን አስወጥተህ ጎማውን በአውራ ጣትህ ፈትሽ። መንገድ ላይ ፈንድቶ መለዋወጫውን ካስገባህ ደግሞ ቀስ ብለህ ወደ ቤት ግባ፤ የያዘው የተረፈው ማስቲሽ ብቻ ነው፣ ኩርባ ላይ አትመነው።

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጣን። እሱ በሳይክል፣ እኔ በታክሲ። ሲወርድ ከኋላው ነበርኩ፤ በየኩርባው ትንፋሼን እይዝ ነበር። ታች ሲደርስ ቆመ። ወርዶ ቸርኬውን ነካው፣ እጁን ቶሎ አነሣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት አውራ ጣቱ ጎማውን ከጎን ገፋው።

"አጎቴ፣ ግሏል" አለኝ። "ግን ይዟል።"